የሦስት ርስት ነብር

በአንድ ወቅት፣ ሰርጣ በሚባል አገር፣ ሦስት ልጆችና አንድ ጠመንጃ ያላት ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ልጆቹ ሦስት፣ ጠመንጃው አንድ መሆኑን ልብ በሉ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ሰርጣ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁልቁለት ነው። ከላይ ገደል አለ፤ በዋሻው ንብ ይሰፍርበታል፣ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ከገደሉ እግር ሥር የገብስ ማሳ፣ ከማሳው በታች ዝግባና ወይራ የሞላበት፣ ቀትር ላይ እንኳ ደንገዝገዝ ያለ ደን አለ። ከደኑ በታች ምድሩ ይግላል፤ ጭልቄ የሚባለው ወንዝ በሸምበቆና በእሾህ ጥሻ መሐል ያልፋል። የደብሪቱ ባል ሞላልኝ እርጅና ሲጫነው ርስቱን በቁሙ አካፈለ። ለበኩሩ ለጓንጉል ገደሉን ሰጠው፣ በጠፍር እየተንጠለጠለ ማር ይቆርጥ ነበርና። ለይመር ደኑን ሰጠው፣ ግንድ መጣል የሚያውቅ እሱ ነበርና። ለሴቷ ለትርንጎ የወንዙን ዳር ሰጣት፤ በመስኖ ሥራ ወንዶቹን የምታስከነዳ ናት። የገብሱን ማሳ ለራሱና ለሚስቱ አስቀረ።

ጠመንጃውን ግን ለማንም አልሰጠም። በሰርጣ የአባቱን ጠመንጃ የወረሰ የቤቱ አውራ ነው። ድንበር ቢያጣላ እሱ ይቆርጣል፣ ከብቱ በማን መሬት እንደሚያልፍ እሱ ይወስናል፣ ሌሎቹ «እሺ» ብለው ያድራሉ። ጓንጉልና ይመር ደግሞ አንዳቸው ለሌላው «እሺ» ከሚሉ መሬት ብትውጣቸው ይመርጣሉ። በዚያ አገር የወንድሙን የድንበር ድንጋይ ስለት ይዞ የተሻገረ ሰው እንደ ገዳይ ይቆጠራል። ይመር አንድ ቀን መጥረቢያ መያዙን ረስቶ ተሻገረ፤ ጓንጉል በማር መቁረጫው ትከሻውን ሰነጠቀለት። እናታቸው መሐል ባትገባ ኖሮ እዚያው ይተላለቁ ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የደብሪቱ ሆድ ግን ዥንጉርጉሩን ከነጥፍሩ ነው የወለደው።

በዚያ አገር ነብር ነበር፤ ሦስቱም የነብሩን ቤት እናውቃለን ባዮች ነበሩ። ጓንጉል «ነብር የገደል ነው፤ ዋሻ ካላገኘ አይተኛም» ይላል። ይመር «ነብር የዛፍ ነው፤ የገደለውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ካልበላ አይጠግብም» ይላል። ትርንጎ «ነብር የጥሻ ነው፤ ከውሃ አይርቅም» ትላለች። በዚህ ብቻ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰዳደቡ ነበር። ነብሩ ግን ገብስ ውስጥ ተገኘ።

የአጨዳ ቀን ነው፣ ረፋዱ ላይ። ደብሪቱ ታጭዳለች፤ ሞላልኝ ባዶ እጁን ከኋላዋ ነዶ ያስራል። ጠመንጃው ቤት ነው፤ ገብስ ለማጨድ ማን ጠመንጃ ተሸክሞ ይወጣል? ሞላልኝ ካልታጨደው ገብስ ዳር ጎንበስ እንዳለ ነብሩ ከተኛበት ተነስቶ ደረቱ ላይ ወጣ። ደብሪቱ ሮጠች። ወደ ባሏ አይደለም የሮጠችው፤ ማሳው ዳር ወዳለው ወይራ ነው። ከግንዱ ጀርባ ማጭዷን ጨብጣ ቆማ ሥጋ ሲቦጨቅ ሰማች።

«ደብሪቱ!» አለ ሞላልኝ። እግሯ እምቢ አላት።

«ደብሪቱ!» አለ ሁለተኛ። አሁንም አልወጣችም።

ሦስተኛው ጥሪ የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም፤ የሕፃን ነበር። ያን ጊዜ ወጣችና ማጭዱን በሁለት እጇ ይዛ የነብሩ ትከሻ ላይ አሳረፈችው። ነብሩ ዞሮ አያት። ከዚያ የሞላልኝን ቀኝ እጅ፣ የብር አምባሩ እንደተጠለቀበት፣ ከክርኑ ገንጥሎ ይዞት ሄደ።

ሞላልኝ ነፍሱ ገና አልወጣችም። አንገቱ ተዘልዝሎ ደሙ ገለባውን አርሶታል። በግድ ቀና ብሎ አያትና «የት ነበርሽ?» አላት። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ሰው ሲሰበሰብ ደብሪቱ «ስደርስ ሞቶ ነበር» አለች። ጫፉ የተሰበረውን ማጭድ ቤት ስትመለስ ጓዳ አስገብታ እህል መያዣው ሥር ደበቀችው። የማጭዱ ጫፍ የት እንደቀረ አልጠየቀችም፤ ድንጋይ ላይ ተሰብሮ ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች።

እጅ የጎደለውን ሬሳ ቀበሩ። አፈሩ ሳይደርቅ መቃብሩ ራስጌ ቆማ በሕዝቡ ፊት ማለች። «ስሙኝ! የአባቱን ደም የመለሰ ልጅ ጠመንጃውን ይወስዳል። በአርባው ተዝካር፣ በሽማግሌ ፊት፣ በእጄ እሰጠዋለሁ። ቃሌን ባጥፍ ሚካኤል ይፍረድብኝ!» ሰው ሐዘን ነው ያናገራት አለ። እፍረት መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። በሰርጣ የሞተ ሰው ጠመንጃ እስከ አርባው ከቤት አይወጣምና ልጆቹ ጦርና ገጀራ ይዘው ወጡ።

ወጡ ስላችሁ አብረው ወጡ እንዳይመስላችሁ። ጓንጉል ገደሉ ላይ ተቀመጠ፣ ይመር ደኑ ውስጥ ተቀመጠ፣ ትርንጎ ወንዙ ዳር ተቀመጠች። ሃያ ቀን ሙሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድንጋይ ሲጠብቁ ነብሩ ሁለት ጥጃና አምስት ፍየል በላ፤ የአንዲት ጎረቤት ሴትዮንም ጭን ቦጨቀ። እሱ እንደ ሞላልኝ ልጆች ርስት አልተካፈለም። ቀን ገደሉ ላይ ይተኛል፣ ሲመሻሽ በደኑ ያድናል፣ ጎህ ሲቀድ ወንዝ ወርዶ ይጠጣል። ብርዱም ቤቱ ነው፣ ሙቀቱም ቤቱ ነው፣ ከፈለገም ጓሯችሁ ቤቱ ነው። ሰው ስለማያየው የሌለ ይመስለዋል እንጂ ነብር የማይኖርበት ቦታ ጥቂት ነው።

ደብሪቱ ይህን ከልጆቿ ቀድማ ገባት። ጠርታም ለመነቻቸው። «ልጆቼ፣ አንድ ላይ ውጡ። ሦስታችሁ ብትተባበሩ መሸሻ የለውም።»

«ስለት ይዤ በይመር ደን ላልፍ ነው?» አለ ጓንጉል። «እኔ ሞት አላማረኝም።»

«ይምጣ» አለ ይመር፣ ትከሻውን እያሻሸ። «ስለቱን ድንበር ላይ ጥሎ ይምጣ።»

«እኔ ጋ መውረዱ አይቀርም» አለች ትርንጎ። «እናንተ ድንጋያችሁን ጠብቁ።»

በቃ። ምክሩ እዚያው ላይ አለቀ።

በሃያ አንደኛው ቀን ቀትር ላይ ጓንጉል ጠፍሩን ከወገቡ አስሮ፣ ንብ የሚያጨስበትን ችቦ ለኩሶ፣ ከዋሻዎቹ ሁሉ ወደሚያስፈራው ወረደ። አፉ ላይ የፍየል አጥንት ተከምሯል። ከአጥንቱ መሐል የብር አምባር ብልጭ አለ፤ አምባሩ የአባቱን ክንድ ገና አልለቀቀም። ጓንጉል ክንዱን አንስቶ ሳመውና ብብቱ ሥር ከተተው። ነብሩ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጓንጉል አልሸሸም፤ በጠፍር የተንጠለጠለ ሰው ወዴት ይሸሻል? የሚነደውን ችቦ ፊቱ ላይ ሰካበት። ጸጉር ሲቃጠል ዋሻው ሸተተ። ነብሩ በአንድ ጥፍር የጓንጉልን ቀኝ ዓይን ከነሽፋሽፍቱ ዘንጥሎ ወጣና ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ወደ ደኑ ወረደ። ጓንጉል ዓይኑ ጉንጩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የአባቱን እጅ በብብቱ ይዞ፣ ጠፍሩን በክንዱ እየሳበ ገደሉን ወጣ። ከአፋፉ ላይ ሆኖ «ይመር፣ መጣልህ!» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጮህ ድምፁ ደኑ ድረስ ይሰማ ነበር። አልጮኸም።

ይመር በማግስቱ ከአንድ ዝግባ ቅርፊት ላይ የተቃጠለ ጸጉር አገኘ። ቀና ሲል የራሱ ፍየል ተገድላ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅላለች። ነብር የሰቀለውን ትቶ እንደማይቀር ያውቃል። ፍየሏን አወረዳት፣ ሆዷን ቀዶ ደሟን ፊቱና ደረቱ ላይ ተቀባ፣ ጦሩን ከጎኑ ደብቆ ሬሳዋ አጠገብ እንደ ሬሳ ተጋደመ። ሲመሻሽ ነብሩ መጣ። ይመር ቀኝ ክንዱን አፉ ውስጥ ሰጠው፤ አዎ፣ ወዶ ሰጠው፣ ጥርሱ ሲያዝበት በግራ እጁ ጦሩን ጎኑ ውስጥ ሰገሰገው። የክንዱ አጥንት እንደ ጭራሮ ተንኮሻኮሸ። የጦሩ እንጨት ተሰበረ፤ ብረቱ እጎኑ ውስጥ ቀረ። ነብሩ ደሙን እያንጠባጠበ ቁልቁል ሄደ፤ ይመርም እየዳኸ ደሙን ተከትሎ የእህቱ ድንበር ድንጋይ ጋ ደረሰ። እዚያ ሆኖ ከሕመሙ ብዛት እንደ ከብት ጮኸ። «ትርንጎ፣ ተጠንቀቂ!» የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።

ትርንጎ የወንድሟን ጩኸት ሰምታለች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወንድ ከሆነ ሞላልኝ እንደምትለው ለእናቷ ነግራታለች። ወጥታ ይመርን ያነሳችው የመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የቆሰለ ነብር ውሃ እንደሚጠማው ስለምታውቅ ተቀምጣ ገጀራዋን ሳለች። ጎህ ሲቀድ ሸምበቆው መሐል እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ ጠበቀችው። ነብሩ ለመጠጣት አንገቱን ሲያቀረቅር ማጅራቱን መታችው። አልወደቀም፤ ዘሎ ላይዋ ወጣ፣ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ተገለበጡ፣ በኋላ እግሩ ሆዷንና ጭኗን ተለተላት። እሷ ግን አንገቱን በብብቷ ቆልፋ ገጀራውን ደጋግማ አወረደችበት፣ አጥንቱ እስኪበጠስ፣ ውሃው እስኪቀላ። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባል የለ፤ ትርንጎ ጅራቱን ይዛ እስከ ዳሩ ጎተተችው። ፀሐይ ስትወጣ የነብሩ ነፍስ ወጥታለች። በሆዷ የነበረውም በዚያው በጭልቄ ውሃ ሄደ።

ደብሪቱ ሦስት ልጆቿን አንድ ቤት አስተኝታ አስታመመች። አንዱን ዓይን፣ አንዱን ክንድ፣ አንዷን ሆድ እያጠበች፣ በሦስቱ ጩኸት መሐል ታለቅስ ነበር። አንድ ጊዜ «አንዳችሁ ለአንዳችሁ አንድ ቃል ብትጮኹ ምን ነበረበት?» አለቻቸው። ግን ከዚያ በላይ ልትቆጣቸው አፍ አልነበራትም። ዝምታውን ከየት እንደወረሱት ታውቃለች።

ነብሩን የሚገፍ ደህና እጅ ከልጆቿ መሐል ስላልነበረ ራሷ ጓሮ ወስዳ ገፈፈችው። ፊቱ ላይ የጓንጉልን ቃጠሎ አየች። ጎኑ ውስጥ የይመርን የጦር ብረት አገኘች። ማጅራቱ ላይ የትርንጎን ገጀራ ቆጠረች። ከዚያ ትከሻው ጋ ስትደርስ፣ መግል ከቋጠረ አሮጌ ቁስል ሥር ቢላዋዋ ብረት ነካ። አውጥታ በውሃ አጠበችው። ጥፍር የምታህል የማጭድ ጫፍ ናት። ደብሪቱ ጓዳ ገብታ ማጭዱን ከተደበቀበት አወጣች፣ ጫፉን ከስብራቱ ጋር ገጠመችው፤ አንድ ሆነ። መሬት ቁጭ አለች።

በሰርጣ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው የአደን ሕግ አለ፤ አውሬን መጀመሪያ ያደማ ግዳዩ የሱ ነው፣ የጨረሰው ሌላ ቢሆንም።

አርባው ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ የሞላልኝ መቃብር ተከፍቶ እጁ ከአካሉ ጋር ተቀበረ። ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ አውራቸው አያ ዋሴ የሚባሉ፣ አገሩን አርባ ዓመት ያስታረቁ አዛውንት ናቸው። የነብሩ ቆዳ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጠመንጃው በደብሪቱ ጭን ላይ ነው። በግራ እጇ ጠመንጃውን ይዛለች፣ የቀኝ እጇ ግን ጭብጥ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም።

ጓንጉል ቀድሞ ተነሳ። «አባቴ ጎዶሎ ተቀብሮ ነበር፤ ሙሉ አድርጌ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ገዳዩ ይህ ነብር መሆኑን ያወቃችሁት እኔ ባመጣሁት አምባር ነው። ከቤቱ ያስወጣሁትም እኔ ነኝ። ዓይኔን ተመልከቱ።»

ይመር ተነሳ። «ችቦ ደም አያፈስም። መጀመሪያ ያደማው የኔ ጦር ነው፤ ሕጉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክንዴን ተመልከቱ።»

ትርንጎ መነሳት አልቻለችም፤ ተቀምጣ ተናገረች። «እናቴ ደም የመለሰ አለች እንጂ ያቆሰለ አላለችም። እነሱ ያቁስሉት ያባርሩት፣ እኔ ባልገድለው ኖሮ ዛሬም ሰው ይበላ ነበር። የኔን ግን የምትመለከቱት የለም፤ ውሃ ወስዶታል።»

ዓይኑ የጠፋው ጓንጉልም ሆነ ክንዱ የሰለለው ይመር ጠመንጃ አልመው መተኮስ አይችሉም፤ ትርንጎ ትችላለች። ግን በዚያ ቤት ጠመንጃ ለመተኮስ ብቻ እንዳልሆነ ነግሬያችኋለሁ። ጓንጉል የማር መቁረጫው ወገቡ ላይ ነው። ይመር መጥረቢያውን በግራ እጁ ይዟል። የትርንጎ ገጀራ ከነጠላዋ ሥር ነው። ተዝካር ላይ ስለት አይያዝም ተብሎ ቢለመኑ ሦስቱም እምቢ ብለዋል። ደብሪቱ ይህን እያየች አንድ ነገር ብቻ ታሰላስላለች። ነብሩ አንድ ሰው ገደለባት፤ ፍርዷ ስንት ይገድልባት ይሆን?

አያ ዋሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመት ደብሪቱ፣ የአደን ሕጉ ለይመር ያደላል። የእርስዎ ቃል ለትርንጎ ያደላል። ሙት ቢናገር ደግሞ ጓንጉልን ይመርቅ ነበር። እኛ ብንቆርጥ ሁለቱ ይቀየሙናል፤ የማሉት እርስዎ ነዎት፣ በእጅዎ ይስጡ።»

ደብሪቱ ጠመንጃውን ይዛ ተነሳች። ጭብጧን ብትከፍት፣ መጀመሪያ ያደማችው እሷ ናትና በሕጉ ግዳዩ የእሷ ነው። ጠመንጃው በእናት እጅ ቢቀር ወንድም ለወንድም «እሺ» አይልም፣ ማንም በማንም ላይ ስለት አያነሳ ይሆናል። ግን «ስደርስ ሞቶ ነበር» ያለችው ውሸት በአደባባይ ይወጣል፤ ልጆቿም አባታቸው የጠየቃትን ይጠይቋታል። ዓይኑን፣ ክንዱንና ልጁን የከፈሉትም ባዶ እጃቸውን ወደየድንጋያቸው ይመለሳሉ። ጭብጧን ካልከፈተች ደግሞ ከሦስቱ አንዱን ትጠራለች፣ ሁለቱን ለስለታቸው ትተዋለች።

ጨብጣ የያዘችው የማጭድ ጫፍ መዳፏን ቆርጦ ደሙ የጠመንጃው ሰደፍ ላይ ጠብ አለ። ጓንጉል በቀረው ዓይኑ ደሙን አየ። ይመርም አየ።

«እማዬ» አለች ትርንጎ፣ «እጅሽ ይደማል። ምን ይዘሻል?»

ዓይኑን የሰጠው አለ፣ ክንዱን የሰጠው አለ፣ የማህፀኗን ፍሬ የሰጠች አለች፤ መጀመሪያ አድምታ እስከዚያች ሰዓት ዝም ያለችም አለች። እንግዲህ ሰምታችኋል፣ ፍረዱ፤ ጠመንጃው የሚገባው ለማን ነው?